የአማቴ የእሑድ ዶሮ፦ ክሬሙን ሳንሰርዝ እንዴት አቀለልነው?

በጥቅምት ወር አማቴ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወጥ ቤቴ ገብተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። የደም ምርመራው ኮሌስትሮላቸው ከፍ ማለቱን አሳይቶ ነበር። ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘላቸው በኋላ ቅቤ፣ ክሬምና የዶሮ ቆዳ እንዲቀንሱ በወረቀት ጽፎ ሰጥቷቸዋል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «እንግዲህ የእሑዱ ዶሮ አበቃለት» አሉ። ስለ ራሳቸው ጤና አንድም ቃል አልተነፈሱም። ያዘኑት ለዶሮው ነበር።

ሐዘናቸው የገባኝ ወዲያውኑ ነው። እናቴን አዲስ አበባ ላይ አንድ ሐኪም «ከእንግዲህ ዶሮ ወጥ ይቅርብዎት» ቢላቸው ምን እንደሚሰማቸው አውቃለሁ። ስለዚህ ይህን ምግብ ከአማቴ ገበታ ሳላወርድ ለማቅለል ቆርጬ ተነሣሁ። ሦስት ጊዜ ሞከርሁ፤ ሁለቱ ከሸፉ፣ ሦስተኛው ያዘ። የከሸፉትንም ሳልዘል የምጽፈው ስህተቶቹ ብዙ ቤት የሚደርሱ ስለሆኑ ነው።

አማቴ የተወለዱት ፈረንሳይ ውስጥ፣ ቡር-አን-ብሬስ ከተማ አጠገብ ባለ የገጠር መንደር ነው። እኛ ከምንኖርበት ከሊዮን በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። የብሬስ ዶሮ ልክ እንደ ወይን ጠጅ በትውልድ ቦታው የሚታወቅ ሲሆን ስሙ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በሕግ ተጠብቋል። ላባው ነጭ፣ አናቱ ላይ ያለው ሥጋ ቀይ፣ እግሩ ሰማያዊ ስለሆነ የሀገሩ ሰው ባንዲራችንን ለብሶ ይሄዳል ይላል። ሣር ላይ ተለቅቆ በእህልና በወተት ተዋጽኦ ይቀለባል። አገሩ የላምና የበቆሎ አገር ነውና ዶሮና ክሬም እዚያ የማይነጣጠሉ ናቸው። አማቴ ይህን ምግብ የተማሩት ከእናታቸው ነው፤ ዘወትር እሑድ ለምሳ ይቀርብ ነበር። ባለቤቴ እሑድ ቀን ሥራ ስለሚውል እኛ ቤት ወደ ራት ተዛውሯል።

የእናታቸው አሠራር እንዲህ ነው። አንድ ዶሮ በስምንት ይቆረጥና ከነቆዳው በ60 ግራም ቅቤ ይጠበሳል። 300 ግራም የፓሪስ እንጉዳይ ይገባበታል፤ አንድ ብርጭቆ ነጭ ወይን ይፈስበታል፤ በመጨረሻም 40 ሴንቲ ሊትር ወፍራም ክሬም ተጨምሮ በዝግታ ይንተከተካል። ለፋሲካ ብቻ እንጉዳዩ በሞሪይ ይተካል፤ ሞሪይ እንደ ንብ እንጀራ የተቦረቦረ የጫካ እንጉዳይ ሲሆን ጥሬውን ከተበላ ይመርዛል፣ በደንብ ሲበስል ግን በዚያ አገር ትልቅ ክብር አለው።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የዚህ አገር ወፍራም ክሬም 30 በመቶው ስብ ነው፤ 40 ሴንቲ ሊትሩ 120 ግራም ገደማ ስብ ይይዛል። ቅቤው 82 በመቶ ስብ ስለሆነ ከ60 ግራሙ 49 ግራም ይገኛል። የዶሮውን ቆዳ ሳንቆጥር 169 ግራም ነው። አራት ሆነን ስንበላው ለእያንዳንዳችን ከ42 ግራም በላይ ይደርሰናል ማለት ነው። ቁጥሩን ለአማቴ ሳሳያቸው «ለዚህ ነው የሚጣፍጠው» አሉኝ። እኔም ያን ጊዜ አመንኋቸው።

የመጀመሪያው ሙከራ በጥቅምት መጨረሻ ነበር። ያደረግሁት ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቼ ክሬሙን ብቻ ለወጥሁት። ፍሮማዥ ብላን የሚባል፣ ከእርጎ ወፈር ያለ ለስላሳ ነጭ አይብ አለ፤ ስብ የሌለውን ገዝቼ እየፈላ ያለው ድስት ላይ ገለበጥሁት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሶሱ ተቆራረጠ። ነጫጭ ፍርፋሪ ከላይ፣ ገርጣ ያለ ውሃ ከታች። ባማስለውም ብመታውም አልተመለሰም።

ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁት። የወተት ፕሮቲን ሙቀትና አሲድ ሲገጥሙት ይያያዝና ይጠጥራል፤ ከአሬራ አይብ ስናወጣ የምናየው ይኸው ነው። ወፍራም ክሬም ውስጥ ስቡ ብዙ፣ ፕሮቲኑ ትንሽ ስለሆነ ቢፈላም ይችላል። ስብ የሌለው አይብ ግን በአብዛኛው ፕሮቲንና ውሃ ነው። እኔ ደግሞ ወይን ያለበትና የሚንፈቀፈቅ ሶስ ውስጥ ነበር የጨመርሁት። አይብ አውጥቼ ዶሮ ላይ አፈሰስሁት ማለት ይቻላል። አማቴ ጨዋ ሰው ናቸውና ዶሮውን ከሶሱ ለይተው በሉና አመሰገኑ።

በሁለተኛው እሑድ ተጠነቀቅሁ፤ ጥንቃቄዬ ግን ምግቡን ገደለው። የዶሮ ደረት ብቻ ያለ ቆዳ ገዛሁ። ቅቤውን በሙሉ ሰረዝሁ። ስብ የወጣለት ወተት በ30 ግራም ዱቄት አወፍሬ እንጉዳዩን ሳልጠብስ ቀቀልሁበት። ይህኛው አልተቆራረጠም። ነገር ግን ከዱቄት ቅንጬ የሚለየው ነገር አልነበረም። ደረቱን 40 ደቂቃ ስላበሰልሁት ደርቆ ክር ክር ሆኗል። አማቴ ሁለት ጊዜ ጎረሱና ሹካቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ይህ የሆስፒታል ምግብ ነው። ለመታመም ገና ነኝ» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጾመ ነቢያት ገባ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ዶሮም ክሬምም ስለማልቀምስ፣ ቀምሼ ያላረጋገጥሁትን ምግብ ለሰው ማቅረብ ደግሞ ስለማልወድ፣ ሙከራው እስከ ገና ቆመ። መፍትሔው የመጣው ግን በዚያው ጾም መካከል፣ ከራሴ የጾም መጥበሻ ነው።

በጾሙ ወራት ምሽት ላይ የምበላው አብዛኛውን ጊዜ እንጉዳይ በእንጀራ ነበር። አንድ ምሽት ዘይቱ አለቀብኝና እንጉዳዩን ደረቅ መጥበሻ ላይ ጣልሁት። ከዘጠኝ አሥረኛው በላይ ውሃ የሆነ ነገር ያለ ዘይት ቢጣድ የሚያርር መስሎኝ ነበር። ውሃውን ለቀቀ፤ ውሃው ተነነ፤ ከዚያ በራሱ ጊዜ ቡናማ መሆን ጀመረ። ስቀምሰው የሥጋ ጠረን አለው። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥሬውን እንጉዳይ ዘይት ውስጥ እየጨመርሁ፣ እንደ ስፖንጅ ሲመጠው እንደገና ዘይት እጨምርለት ነበር። ውሃውን ካስወጣና ከተኮማተረ በኋላ ግን አንድ ማንኪያ ዘይት ለግማሽ ኪሎ ይበቃዋል።

በገና ዋዜማ ደግሞ ዶሮ ወጥ ልሠራ ሽንኩርት አቁላላ ነበር። አማቴ ከአጠገቤ ቆመው ያያሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሽንኩርቱን ያለ ምንም ስብ፣ እንዳይዝ ጠብ ጠብ እያደረግሁ ውሃ ብቻ እያስቀመስሁ ሳማስለው ትዕግሥታቸው አለቀ። «ቅቤው መቼ ነው የሚገባው?» አሉ። «መጨረሻ ላይ» አልኋቸው። «ታዲያ በምን ይወፍራል?» ሲሉ ማማሰያውን አንሥቼ የቀለጠውን ሽንኩርት አሳየኋቸው። «በዚህ!»

መልሱን ስሰጣቸው ለራሴም ሰማሁት። የዶሮ ወጥ አካል ሽንኩርቱ ነው፤ ቅቤው የሚገባው ለጠረኑና ለልስላሴው ነው። የእሳቸው ዶሮ ግን አካሉም፣ ልስላሴውም፣ ጣዕሙም በአንድ ክሬም ላይ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ ክሬሙን የሚነካ ሰው ሁሉንም ያፈርሳል፤ እኔም ሁለት ጊዜ ያፈረስሁት በዚህ ነው። መጀመሪያ አካሉን ወደ እንጉዳዩ፣ ጣዕሙን ወደ መረቁ ማዛወር ነበረብኝ። እናቴ ዶሮ ስትበልት ቆዳውን ገፍፋ እንደምትጥልም ያን ዕለት ትዝ አለኝ። ሐኪሙ በወረቀት የጻፈው ሦስተኛው ምክር በእኛ ቤት ከጥንት ጀምሮ ልማድ ነው።

ሐሳቤን ስነግራቸው አማቴ ይቃወሙኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ስለ ኤውዤኒ ብራዚዬ አወሩልኝ። ብራዚዬ ከእሳቸው አገር የወጣች ሴት ናት፤ ሊዮን ውስጥ ምግብ ቤት ከፍታ እ.ኤ.አ. በ1933 ለሁለት ምግብ ቤቶቿ ለእያንዳንዳቸው ምግብ ቤቶችን የሚመዝነው የሚሽላን መጽሐፍ ከፍተኛ ማዕረግ የሆነውን ሦስት ኮከብ ያገኘች። ከታወቀችባቸው ምግቦች አንዱ ትሩፍ የሚባል ከመሬት ሥር የሚበቅል እንጉዳይ በስሱ ተቆርጦ ቆዳው ሥር ተሰክቶበት በመረቅ ውስጥ በዝግታ የሚበስል ዶሮ ነው። «በመረቅ ማብሰል የእኛም ነው» አሉ አማቴ። ይህን ከእሳቸው አፍ መስማቴ ሥራውን ግማሽ አቀለለልኝ። ፈረንሳይ ውስጥ ቀላል ምግብ ማለት ከውጭ የመጣ ቅጣት እንደሆነ የሚያስቡ ሰዎች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሚሼል ጌራር የተባለ የምግብ ባለሙያ በደቡብ ምዕራቡ የፍል ውሃ መንደር በኤውዤኒ-ሌ-ባን ለክብደት ቅነሳ ለሚመጡ ሰዎች ሙሉ የምግብ ዝርዝር ሲያዘጋጅ፣ ሶሶቹን በቅቤና በዱቄት ፈንታ በተፈጨ አትክልት ያወፍር ነበር። እኔ ከሽንኩርት ቁሌት የደረስሁበትን እሱ ከዚያ ወገን ደርሶበታል።

ሦስተኛው ሙከራ የተጀመረው በጥር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። 1.6 ኪሎ ዶሮ በለትሁ። ስለ ማጠብ አንድ ነገር ልናገር፦ እኔ በሎሚና በጨው ሳላሸው አልረጋጋም፣ የምግብ ደህንነት ባለሙያዎች ደግሞ ጥሬ ዶሮ በቧንቧ ሥር እንዳይታጠብ አጥብቀው ይመክራሉ፤ የሚረጨው ውሃ ካምፒሎባክተር የሚባለውን ባክቴሪያ ወጥ ቤቱ ሁሉ ላይ ያዳርሳል። አሁን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በሎሚና በጨው አሽቼ፣ በወጥ ቤት ወረቀት አደርቀዋለሁ፤ ቧንቧ አልከፍትበትም። ቆዳውንና ከሥሩ ያለውን ቢጫ ስብ ገፍፌ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 190 ግራም መጣ።

አንገቱን፣ ጀርባውንና የክንፉን ጫፍ በ220 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ 40 ደቂቃ አቆየሁ። ቆዳው የወጣ ዶሮ መጥበሻ ላይ ጥሩ ቡናማ አይሆንም፤ ይጣበቃል፣ ይቀደዳል። ስለዚህ የጥብስ ጣዕሙን ከአጥንቱ መውሰድ ይሻላል። አጥንቱን ከካሮት፣ ከባሮ ሽንኩርት፣ ከጦስኝና ከአንድ የሎሬል ቅጠል ጋር ውሃ ውስጥ ከትቼ ለሁለት ሰዓት እንዳይፈላ እየጠበቅሁ በዝግታ አበሰልሁት። አጥልዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደርሁት። እሑድ ጠዋት ስቡ ከላይ እንደ ሰም ረግቶ ስላደረ በማንኪያ ገፍፌ አነሣሁት። ከሥሩ ያለው መረቅ ደግሞ እንደ ጄሊ ረግቷል። ከአጥንቱ የወጣው ጄላቲን ነው፤ ስብ ሳይኖረው ምላስ ላይ የስብ ያህል ይለሰልሳል።

እንጉዳዩን ከ300 ወደ 500 ግራም ከፍ አደረግሁት፤ ነጩን ትቼ ጣዕሙ ጠንከር የሚለውን ቡናማውን ገዛሁ። የፓሪስ እንጉዳይ ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፓሪስ ዙሪያ በነበሩ የድንጋይ ማውጫ ዋሻዎች ውስጥ በብዛት ይመረት ስለነበር ነው። በተጨማሪም 10 ግራም ሴፕ የሚባል የደረቀ የጫካ እንጉዳይ በሙቅ ውሃ ነከርሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በጆሮ ይሠራል። ሰፊውን መጥበሻ አግዬ፣ እንዳይደራረብ በሁለት ዙር ከፍዬ፣ ወፈር አድርጌ የቆረጥሁትን እንጉዳይ ያለ ምንም ስብ አሰጣሁት። መጀመሪያ ሽሽሽ የሚል ደረቅ ድምፅ ይሰማል። ትንሽ ጨው ሲነሰነስበት ውሃውን ይለቅና ድምፁ ወደ መንፈቅፈቅ ይለወጣል፤ ወጥ ቤቱ ከዝናብ በኋላ ያለ አፈር ይሸታል። ብዙ ሰው ድስቱ ውስጥ ውሃ ሲያይ ደንግጦ ቀጣዩን ነገር የሚጨምረው እዚህ ላይ ነው። መጠበቅ ያስፈልጋል። ከሰባት ስምንት ደቂቃ በኋላ መንፈቅፈቁ ይቀንስና ለአፍታ ጸጥ ይላል። ከጸጥታው ቀጥሎ ቀጭን መንጣጣት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ጠርዙ ወርቃማ መሆኑን ታያላችሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት የሚገባው አሁን ነው። አብሮት ኤሻሎት የሚሉት፣ የእኛን የሐበሻ ሽንኩርት የሚመስለው ትንሽ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጦስኝ ይገባል። እንጉዳዩን እንደገና ስመዝነው ከ500 ግራም ወደ 240 ወርዷል። የጠፋው ውሃ ነው፤ ጣዕሙ ግማሽ ቦታ ላይ ተጨምቆ ቀርቷል።

መጥበሻው ሥር የያዘውን ቡናማ ነገር 15 ሴንቲ ሊትር ነጭ ወይን አፍስሼ በእንጨት ማማሰያ አነሣሁት፤ ወይኑ አንድ ሦስተኛው እስኪቀር ድረስ አፈላሁት። መረቁንና የሴፑን ውሃ፣ አሸዋ ስለማያጣ በጨርቅ አጥልዬ፣ ድስት ውስጥ አገናኘሁ። ጭንና ቅልጥሙ ተከድኖ 35 ደቂቃ በዝግታ በሰለ። ደረቱ የገባው ሊጠናቀቅ 18 ደቂቃ ሲቀረው ነው። በቴርሞሜትር 74 ዲግሪ ሲደርስ ወዲያው አወጣሁት።

ከዚያ የተጠበሰውን እንጉዳይ አንድ ሦስተኛ ከሁለት ጭልፋ መረቅ ጋር ፈጭቼ ወደ ድስቱ መለስሁት። ሶሱ ዓይኔ እያየ ወፈረ፤ ማንኪያው ጀርባ ላይ ይይዛል። ዱቄት የለበትም። ቀሪውን እንጉዳይና ዶሮውን መለስሁና በመጨረሻ ክሬሙን ጨመርሁ፤ 10 ሴንቲ ሊትር፣ እውነተኛውን ባለ 30 በመቶውን። አንድ ጊዜ ብቻ እንዲፈላ አድርጌ አወረድሁት። ጥቂት የሎሚ ጠብታና ኤስትራጎን የሚባል የተከተፈ መዓዛማ ቅጠል ከላይ።

ለምን ባለ 15 በመቶውን ቀላል ክሬም አልተጠቀምሽም ያሉኝ ወዳጆች አሉ። 20 ሴንቲ ሊትር ቀላል ክሬምና 10 ሴንቲ ሊትር ወፍራም ክሬም የያዙት ስብ እኩል ነው። ቀላሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ማወፈሪያ ይጨመርባቸዋል፤ አፍ ላይ ከክሬም ይልቅ ስታርች ይሆናሉ። ትንሽ የሚገባ ከሆነ እውነተኛው ይግባ ባይ ነኝ። መጨረሻ ላይ የገባ ክሬም ደግሞ ከሶሱ ጋር ሲንተከተክ አልቆየምና ምላስ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ሆነ፦ ዘይቱ 13 ግራም፣ ክሬሙ 30 ግራም፣ በድምሩ 43። ለአንድ ሰው 11 ግራም አይሞላም፤ ከድሮው ሩብ ገደማ ነው። ቆዳው መውጣቱን አልቆጠርሁትም።

በተቀቀለ ድንች አቀረብሁት። አማቴ መጀመሪያ ሶሱን ብቻ በማንኪያ ቀመሱ። ትንሽ ዝም አሉና «ክሬሙን መልሰሽዋል አይደል?» አሉኝ በጥርጣሬ። የቀረውን የክሬም ዕቃ ከማቀዝቀዣ አውጥቼ አሳየኋቸው። ዳቦ ቆርሰው ሳህናቸውን ጠረጉ። ባለቤቴ ግን ቡናማ ሆኗል፣ የልጅነቴ ዶሮ ነጭ ነበር አለ። ልክ ነው። በእንጉዳይ የወፈረ ሶስ የክሬም ንጣት አይኖረውም፤ ይህን ለመደበቅ አልሞከርሁም። ደረቱም ቢሆን ሶሱ ውስጥ ተመልሶ ሲቆይ ትንሽ ጠንክሯል፤ አሁን ደረቱን ለብቻው ከድኜ አቆየውና ሶሱን ገበታ ላይ አፈስበታለሁ።

አማቴ የእናታቸው የምግብ ደብተር አላቸው፤ ገጹ በቅቤ ወዝቶ ብርሃን ያሳልፋል። በማግሥቱ አውጥተው ክሬሙ ከተጻፈበት 40 አጠገብ በእርሳስ 10 ብለው ጻፉ። 40ውን አልሰረዙትም። ከዚያ የሞሪዩን ገጽ ገለጡ። የእሳቸው ፋሲካ ዘንድሮ ከእኛ ቀድሞ ስለሚውል እኔ ገና በሁዳዴ ጾም ላይ እሆናለሁ፤ መቅመስ አልችልም። ስለዚህ የሚያበስሉት እሳቸው ናቸው። መጥበሻው የሚያሰማውን ድምፅ በቅደም ተከተል ጻፊልኝ ብለውኛል፦ ሽሽታው፣ መንፈቅፈቁ፣ ጸጥታው፣ መንጣጣቱ። ጻፍሁላቸው፤ ወረቀቱን ምድጃው አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል።